ነባሩን አምበል ከቡድኑ እናሰናብት ወይስ እናቆይ?

የጠባሴው

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በደብረ ብርሃን ከተማ አንድ የሰፈር ቡድን ከሚያሠለጥኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ነኝ። ለመጪው የክረምት ውድድር 25 ተጫዋቾችን እንድናስመዘግብ ተፈቅዶልናል፤ የቡድኑ ኮሚቴም 36 ዓመት የሞላውን የመሃል ተከላካያችንንና አምበላችንን ከዝርዝሩ አውጥተን በምትኩ አንድ የ18 ዓመት ልጅ እንድናስገባ ሐሳብ አቅርቧል። ኮሚቴው ያቀረበው ምክንያት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የሰውየው ፍጥነት ቀንሷል፣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ጉልበቱ ያብጥበታል፣ ባለፈው ዓመት ካደረግናቸው 11 ጨዋታዎች የተሰለፈውም በስድስቱ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ እኔም አልክድም። የምፈልገው በወረቀት ላይ የማይሰፍረውን ነገር ለኮሚቴው እንዴት እንደማስረዳ እንድትመክሩኝ ነው፤ ለዚህም አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት የግማሽ ፍጻሜው ዕለት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ጭቃ ሆኖ ነበር። ነፋሱም እንደ ልማዱ ነበር፤ የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ሰው በረኛው የመታው ኳስ ተመልሶ ወደ ራሱ ሲመጣ ቢያይ አይገረምም። በ20ኛው ደቂቃ ገደማ የ17 ዓመቱ የግራ መስመር ተከላካያችን ኳስ ለበረኛው ሊመልስ ሲል ተንሸራተተና ኳሱ የራሳችን ግብ ውስጥ ገባ። ግቡ መረብ ስላልነበረው ኳሱ አልፎ ከኋላ ያለው ቦይ ውስጥ ወደቀ። ሌሎቹ ተጫዋቾች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ልጁን ያፈጡበት ጀመር፤ ከተመልካቹም መካከል ስሙን እየጠራ የሚሳደብ ነበረ። አምበላችን ግን ራሱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ኳሱን አወጣ፣ በማሊያው ጠረገው፣ ከዚያም ሳይቸኩል እየተራመደ ልጁ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ አለና የልጁን ቀኝ እግር እንደ ፈረስ ሰኮና አንስቶ የታኬታውን ሶል ተመለከተ። ጥርሶቹ አልቀው ሶሉ ልሙጥ ሆኖ ነበር። ምንም አላለውም፤ ኳሱን አስይዞት ወደ መሃል አብረው ሄዱ።

በእረፍት ሰዓት ልጁን ልቆጣ አፌን ስከፍት ቀደመኝና «አሠልጣኝ፣ ወደ ኋላ መልስ ብዬ የጮኽኩበት እኔ ነኝ፤ ሜዳው እንደሚያንሸራትት ማየት የነበረብኝም እኔ ነኝ» አለ። አልጮኸም ነበር። ከመስመሩ ሁለት ሜትር ርቄ ቆሜ ስለነበር በደንብ አውቃለሁ፤ ልጁም ያውቃል። በሁለተኛው አጋማሽ ያ ልጅ ኳስ ስጡኝ ከማለት አልቦዘነም። አንድ ለአንድ ወጣን፤ በመለያ ምትም ተሸነፍን። ስለዚህ ኮሚቴው መዝገቡን ሲገልጥ የሚያገኘው «ተሸነፈ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ለአንድ ቡድን ያለው ዋጋ በምን ይለካል? ወይስ ነገሩ የእኔ ስሜት ብቻ ነው?

ከጣርማ በር ቁልቁል

ወንድሜ፣ የነገሩን ታሪክ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ይህን ብቻ ይዘው ቢቀርቡ እኔ ኮሚቴው ውስጥ ብሆን አልቀበልዎትም። እግር ኳስ የሩጫ ጨዋታ ሆኗል። እናንተ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣችሁ ስትጫወቱ ተጋጣሚያችሁ ትንፋሽ ስለሚያጥረው የሰውየው ዕድሜ ላይታወቅባችሁ ይችላል። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ወደ እኛ ሸዋ ሮቢት ስትመጡ ግን በዚያ ሙቀት የ20 ዓመት አጥቂ ከጀርባው ሲሮጥበት ጥሩ ጠባዩ አያድነውም።

ማስረጃ ከፈለጉ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1995 ማንቸስተር ዩናይትድ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፍ የቀድሞው የሊቨርፑል ተከላካይ አለን ሀንሰን በቴሌቪዥን ቀርቦ በልጆች ዋንጫ አይገኝም ብሎ ነበር። እነዚያ ልጆች ቤካም፣ ስኮልስ፣ በት እና ሁለቱ ኔቪሎች ነበሩ፤ በዚያው የውድድር ዓመት ሊጉንም የኤፍኤ ዋንጫንም ወሰዱ። አሠልጣኙ አሌክስ ፈርጉሰን በዚያ ክረምት ነባሮቹን ኢንስን፣ ሂዩዝንና ካንቼልስኪስን ሲሸጥ የእርስዎን ዓይነት አሳብ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ያ ትውልድ ባልወጣ ነበር።

የግሌንም ልጨምር። በ19 ዓመቴ በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ የነበረው አጥቂ ነባር ስለነበር አሠልጣኙ እንኳ አሰላለፍ የሚያወጣው እሱን አማክሮ ነበር። በልምምድ ከእሱ የተሻልኩበትን ቀን ለመቁጠር ጣቶቼ አይበቁም። በመጨረሻ ኳሱን ትቼ ንግድ ጀመርኩ። ስለ «አንጋፋ መሪነት» ሲወራ እኔ የማስታውሰው ያንን ወንበር ነው።

ማስታወሻ ያዥ

ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ያነሱት ምሳሌ በብዙ ሰው አፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ተቆርጦ ስለሚነገር ልሙላው። በዚያ የ1995/96 ዩናይትድ ውስጥ ከልጆቹ ኋላ የቆሙት እነማን ነበሩ? በግቡ ላይ ሽማይክል፣ በመሃል ተከላካይነት አምበሉ ስቲቭ ብሩስ እና ፓሊስተር፣ በመስመር ተከላካይነት ኧርዊን፣ በመሃል ሮይ ኪን ነበሩ። ብሩስ ዋንጫው ሲነሳ 35 ዓመት ሞልቶት ነበር። በነሐሴ ቪላ ሲያሸንፋቸው አጥቂው ካንቶና ቅጣት ላይ ነበር፤ በጥቅምት መጀመሪያ ሲመለስ ነው ቡድኑ ቅርጽ የያዘው። ኒውካስል በጥር ወር በ12 ነጥብ ይመራቸው ነበር። በመጋቢት ኒውካስል ሜዳ ላይ ሽማይክል የመጀመሪያውን አጋማሽ በሙሉ ሲመልስ ውሎ በካንቶና አንዲት ግብ 1 ለ 0 አሸነፉ። በኤፍኤ ዋንጫው ፍጻሜም ብሩስ ስላልተሰለፈ የአምበልነቱን ጨርቅ ያሰረው ካንቶና ነበር፤ የማሸነፊያዋን ግብ ያስቆጠረውም እሱ ነው። ሀንሰን ተሳስቷል፤ ነገር ግን የተሳሳተው ልጆቹ ብቻቸውን ያሉ ስለመሰለው ነው።

በአንድ ዓመት የሚቀድመውን የሆላንዱን አያክስንም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1995 በቪየና ሚላንን 1 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው ያ ቡድን በወጣትነቱ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ግቧን በ85ኛው ደቂቃ ያስቆጠረው ክላይቨርት 18 ዓመቱ ነበር። ኳሱን ያቀበለው ግን የ32 ዓመቱ ሪካርድ ነው፤ አምበሉም የ33 ዓመቱ ዳኒ ብሊንድ ነበር። ልጅ የበዛበት ቡድን ሁሉ ጥሩ ሆኖ ባገኘሁት ጊዜ ከመካከሉ ሁለትና ሦስት እንዲህ ያሉ ሰዎችን አላጣሁም።

የቀድሞ ዳኛ

በወረዳና በዞን ውድድሮች ለበርካታ ዓመታት ያጫወትኩ ሰው ነኝ። እስካሁን ሁላችሁም ከተጫዋችና ከአሠልጣኝ በኩል ስለተናገራችሁ እኔ ከፉጨቱ በኩል የሚታየውን ላካፍላችሁ።

በጨዋታው ሕግ መሠረት አምበል የተለየ መብት የለውም፤ ይልቁንም ለቡድኑ ጠባይ የተወሰነ ኃላፊነት አለበት ይላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ አምበል ማለት ዳኛን የመጨቅጨቅ ፈቃድ ያለው ሰው ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በጀርመን በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ስለ ውሳኔ ዳኛውን ማናገር የሚችለው አምበሉ ብቻ እንዲሆን፣ ሌላው ቢጠጋ ቢጫ ካርድ እንዲያይ ተደርጎ ነበር፤ አምበሉ በረኛ ከሆነም ቡድኑ ሌላ ተጫዋች ይወክላል። ይህ አሠራር ለአምበልነት ትልቅ ክብደት ሰጥቷል፤ ቡድንን ወክሎ የሚናገረው አንድ ሰው ሲሆን ያ ሰው ማን እንደሆነ መመረጥ አለበት።

አንድ ጊዜ ሁለት ጎረቤት ቀበሌዎች የተጋጠሙበትን ጨዋታ ሳጫውት የአንደኛው ቡድን 8 ቁጥር ደሙ ፈልቶ ሁለት ጊዜ ተጋጣሚውን ገፍቶ ነበር። እጄ ወደ ኪሴ እየሄደ ሳለ የቡድኑ አምበል፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው፣ ኳሱ እስኪወጣ ጠበቀና እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ። «ዳኛ፣ ይህ ልጅ ዛሬ ጠዋት ከቤቱ ተጣልቶ ነው የመጣው፤ አንድ ደቂቃ ስጠኝ» አለኝ። ሄዶ ልጁን በጆሮው አነጋገረው። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ልጁ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ጥፋት አልሠራም። እኔም ካርዱን ኪሴ ውስጥ ተውኩት፤ በሕጉ መሠረት ትክክል ነበርኩ ወይ ብትሉኝ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ሌላው ካርድ መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈን፣ ቅጣት ላይ የነበረ ተጫዋች በማሰለፋችን ውጤቱ በፎርፌ 3 ለ 0 ሲቀየር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጥፋቱ የጽሕፈት ቤት ነው፤ ተጫዋች የሚጠየቅበት አይደለም። ሆኖም በትንንሾቹ ውድድሮች ጸሐፊ የሌላቸው ቡድኖች ብዙ ስለሆኑ፣ እከሌ ሁለት ቢጫ አለው፣ እከሌ ለሚቀጥለው አይሰለፍም ብሎ በጭንቅላቱ የሚይዝ አንድ ነባር ተጫዋች ያለው ቡድን ስንት ነጥብ ሲያተርፍ አይቻለሁ።

ከጣርማ በር ቁልቁል

ጋሼ ዳኛ፣ የጻፉትን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ማስታወሻ ያዥም ስለ ብሩስና ስለ ካንቶና ያስታወሱኝ እውነት ነው፤ እኔም ዐውቄ ዘልዬዋለሁ። ነገር ግን ሌላውንም ገጽ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ የፈረንሳይ ተጫዋቾች አኔልካ ከቡድኑ በመባረሩ ምክንያት ናይዝና በተባለች ከተማ ልምምድ አንሠራም ብለው አውቶቡስ ውስጥ ሲቀመጡ አምበላቸው ፓትሪስ ኤቭራ ነበር። ከምድቡ በአንድ ነጥብ መጨረሻ ሆነው ተመለሱ፤ ኤቭራም አምስት ጨዋታ ተቀጣ። ከዚያ በፊት በ2006 የበርሊን ፍጻሜ የ34 ዓመቱ አምበል ዚዳን የጣልያኑን ተከላካይ ማተራዚን በጭንቅላቱ ደረቱን መትቶ በ110ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ አየ፤ ጣልያንም በመለያ ምት አሸነፈች። ሁለቱም አንጋፋ ናቸው፤ ሁለቱም ጨርቁን በክንዳቸው አስረው ነበር። ታዲያ ዕድሜና ልምድ ራሳቸው ምን ዋስትና ሰጡ?

የእኔ ፍርሃት ይህ ነው፦ «ነባር» የሚለው ቃል በእኛ አገር ቶሎ ብሎ ወደ «አይነኬ» ይለወጣል። የዕድሜ አክብሮታችን በቤትም በእድርም ጥሩ ነው፤ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን የ18 ዓመቱ ልጅ እውነት ለመናገር አፉ ይያዛል።

መሐል ሜዳ

አስቀድሜ ግራ እንዳይገባችሁ፣ መሐል ሜዳ ስል የመንዟን ከተማ ማለቴ ነው፤ የምጫወተውም መሃል ሜዳ ስለሆነ ስሙ ለሁለቱም ያገለግላል። በሴቶች ቡድን ውስጥ ሰባት ዓመት ተጫውቻለሁ።

እናንተ የምትከራከሩት ዘጠና ደቂቃው ውስጥ ስላለው ነገር ነው። በእኛ በኩል የነባር ተጫዋች ሥራ የሚጀምረው ከሜዳው ውጭ ነው። እኔ ቡድኑን ስቀላቀል አባቴ አልፈቀደም ነበር። ልጅቱ በቁምጣ ስትሮጥ ሰው ምን ይላል የሚል ነበር ነገሩ፤ ከዚያም በላይ ልምምዱ የሚያልቀው ጀንበር ስትገባ ስለሆነ መንገዱ ያሳስበው ነበር። የቡድናችን አምበል፣ ያኔ 29 ዓመቷ ነበር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳ፣ ለእናቴ አንድ ኪሎ ስኳር ይዛ ነበር። ስለ ኳስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ፣ ስለ ውርጩ ተጫወቱ። ልትሄድ ስትነሳ ብቻ «አባባ፣ ማታ ማታ እኔ ነኝ ደጃፍዎ ድረስ የማደርሳት» አለችው። ለሁለት ዓመት አደረሰችኝ። ቤቷ በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር።

ሜዳ ላይ ደካማ ነበረች ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ከእሷ የተሻሉ ሦስት ተጫዋቾች ነበሩን። እሷ ትዳር ይዛ ስትሄድ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ልጆች ቡድኑን ለቀቁ። አንዷም በእሷ ምክንያት ነው ብላ አልተናገረችም። አንዷ ፈተና ደረሰብኝ አለች፣ አንዷ አባቴ ከለከለኝ፣ አንዷ ደግሞ መንገዱ ይመሻል አለች። ምክንያቶቹ ሁሉ ከእሷ በፊትም ነበሩ።

ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ስለ ተጠባባቂ ወንበርዎ አዝናለሁ። ነገር ግን ያ ሰው የያዘብዎት ቦታ ነው፤ የእኛዋ ደግሞ ቦታ የሰጠችን ናት። ሁለቱን በአንድ ቃል «ነባር» ብለን ስንጠራቸው ነው ክርክሩ የሚጠላለፈው።

የቆየ ደጋፊ

እኅቴ መሐል ሜዳ ያለችው የክርክሩ ቁልፍ ይመስለኛል። እኔ በታሪኩ በኩል ልደግፋት።

አገራችን ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ነበር። ተጋጣሚያችን የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ነበረች። እነሱ ሁለት ጊዜ መርተውናል። ተክሌ አንዱን መልሶ ወዲያው ሁለተኛው ሲገባብን ስታዲየሙ ዝም ያለበት ጊዜ እንደነበር በቦታው የነበሩ አባቶች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በ84ኛው ደቂቃ 2 ለ 2 ያደረገው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩበትና 4 ለ 2 አለቀ። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

አሁን ልብ በሉ፤ ሉቺያኖ በዚያ ቀን ዕድሜው 26 ነበር። በእኛ አነጋገር ገና ልጅ ነው። ነገር ግን ከታዳጊነቱ ጀምሮ ለብሔራዊ ቡድኑ የተጫወተ በመሆኑ በዚያ ቡድን ውስጥ ነባር ሰው ነበር። ነባርነት ብዙ የልደት ቀን ማክበር አይደለም፤ ስንት ጊዜ ወድቀህ ተነሥተሃል የሚለው ጥያቄ ነው።

ተቃራኒውን ከፈለጋችሁ የካሜሩኑ አጥቂ ሮዤ ሚላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 በጣልያን 38 ዓመቱ ነበር፤ አራት ግቦች ያስቆጠረው በሙሉ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ እየገባ ነው፤ አምበሉ ደግሞ ስቴፈን ታታው እንጂ እሱ አልነበረም። ጨርቅ ሳያስር፣ የመጀመሪያ ተሰላፊ ሳይሆን ካሜሩን ሩብ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ስትሆን መሃል የነበረው እሱ ነው። እንግዲህ የጠባሴው ወንድማችን የ36 ዓመቱን ሰው ለማቆየት በየጨዋታው ማሰለፍ ግዴታው አይደለም።

ስለ ጠባይ ካነሣን ደግሞ ሲሞን ኬርን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2021 በኮፐንሃገን የዴንማርኩ ተጫዋች ኤሪክሰን በጨዋታ መሃል ልቡ ቆሞ ሲወድቅ መጀመሪያ ከደረሱት መካከል አምበሉ ኬር ነበረ። በጎኑ አስተኛው፤ ሐኪሞቹ ሲደርሱ የቡድን ጓደኞቹን ዙሪያውን አቁሞ ከካሜራ ከለለው፤ ከዚያም ሜዳ ድረስ የመጣችውን የኤሪክሰንን የሕይወት አጋር ሄዶ ያጽናናት ጀመር። ይህን ማንም አሠልጣኝ በልምምድ አላስተማረውም።

ሒሳብ ሹም

አጭር ነገር ልጨምር። ስለ ጠባይ ብዙ እያወራን ጠባይ የሚበቅልበትን መሬት አላነሣነውም። በአገራችን ክለቦች የተለመደው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ግማሽ ቡድን ሲወጣና ሲገባ እናያለን። በዚህ ሁኔታ ውስጥ የ30 ዓመት ተጫዋች ለ19 ዓመቱ ልጅ የሚያውቀውን ሁሉ ቢያሳየው፣ በመስከረም ቦታውን የሚወስድበትን ሰው እያሠለጠነ ነው ማለት ነው። ነባሮቹ ራስ ወዳድ ሆኑ ብለን ከመፍረዳችን በፊት ለጋሶች ሲሆኑ ምን እንደምንከፍላቸው እንጠይቅ። የሰፈር ቡድን ደመወዝ ስለማይከፍል በዚህ በኩል ከትልልቆቹ ይሻላል፤ የሚጣሉበት ነገር የላቸውም።

ከጣርማ በር ቁልቁል

ደመወዝ ባይኖርም የጉዞ አበልና የሽልማት ገንዘብ አለ፤ ጠቡም አለ። እመኑኝ።

ቢሆንም መሐል ሜዳ ያለችውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቦታ የሚይዝና ቦታ የሚሰጥ የሚለውን ልዩነት ቀደም ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ጥያቄ አለኝ፤ አንድ ነባር ተጫዋች ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ኮሚቴ እንዴት ያውቃል? ሁሉም ነባር ስለራሱ ሲናገር ቦታ ሰጪ ነኝ ነው የሚለው።

የቀድሞ ዳኛ

ከራሱ አትጠይቁት። የቡድኑን ትንሹን ልጅ ጠይቁት፤ ያውም አሠልጣኙና ነባሩ በሌሉበት። «ስትሳሳት መጀመሪያ የምትፈልገው ማንን ነው?» በሉት። ከዚያም ቡድኑ ግብ ከገባበት በኋላ ባሉት አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ዓይናችሁን ከኳሱ ላይ አንሡና እሱን ብቻ ተመልከቱት። ማንን ያናግራል? እጁን ወደ ማን ይጠቁማል? እኔ በሜዳ ላይ የታዘብኩት፣ ቦታ ያዥ የሆነው ነባር ግብ ሲገባ ጣቱን ወደ ሰው ይቀስራል፤ ሌላው ግን አሰላለፉን ያስተካክላል፣ ውጡ፣ ሰው ያዙ እያለ ይጮኻል፣ ወይም ጊዜ ለመግዛት ተንበርክኮ የታኬታውን ማሰሪያ ፈትቶ እንደገና ያስራል። ይህን ሦስተኛውን ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ እያየሁ እንዳላየ ሆኛለሁ።

ማስታወሻ ያዥ

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ዳኛው ያሉት ትክክል ቢሆንም፣ ሜዳ ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ ዘግይቶ የሚደርስን ተከላካይ መልካም ጠባዩ አይሸፍነውም። ከጣርማ በር ቁልቁል በመጀመሪያው ጽሑፉ ስለ ሙቀቱ የተናገረው ተረስቷል፤ መረሳት አልነበረበትም። የጠባሴው ወንድማችን ሰውየውን ቢያቆየው እንኳ ሸዋ ሮቢት ላይ ዘጠና ደቂቃ እንዳያስሮጠው እለምናለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲዋረድ ማየት ለልጆቹም ጥሩ ትምህርት አይደለም።

የጠባሴው

ምላሻችሁን ሁሉ ሰብስቤ ባለፈው ቅዳሜ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ነበር፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ የቀድሞ ዳኛ እንዳሉት የቡድናችንን ትንሹን ልጅ ጠየቅኩት። ያ የግራ መስመር ተከላካይ ነው። «ስትሳሳት መጀመሪያ የምትፈልገው ማንን ነው?» ስለው ጥቂት አሰበና «አልፈልገውም፤ እሱ ራሱ ይመጣል» አለኝ። ይህን ለኮሚቴው ቃል በቃል ነገርኳቸው። ሰብሳቢያችን፣ ከሁሉ የበለጠ ይቃወሙ የነበሩት፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው «እንግዲያው አንድ ስም ምን ይጎዳናል» አሉ። የ18 ዓመቱ ልጅም እንዲመዘገብ ተስማማን፤ ከዝርዝሩ የወጣው ሌላ፣ ለወራት ልምምድ ያልመጣ ተጫዋች ነው። ጨርቁን ማን ይሰር የሚለው ላይ አልተስማማንም፤ ምናልባት ምክትሉ ይይዘዋል። ማስታወሻ ያዥ፣ በሙቀቱ ጉዳይ ቃል እገባለሁ፤ ቆላ ስንወርድ የሚቀመጠው ከእኔ ጎን ነው።

ከባዱ ነገር ሰውየውን ማሳመን ሆነ። ማታ ደወልኩለት። በፋብሪካ ፈረቃ ስለሚሠራ ድምፁ ደክሞ ነበር። እኔ አርጅቻለሁ፣ ለልጆቹ ቦታ ልልቀቅ፣ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ልምምድ ላይ እየመጣሁ አያችኋለሁ አለኝ። የኮሚቴውን ውሳኔ ነገርኩት፤ አላመነኝም። ስለ ሮዤ ሚላም አወራሁለት፤ ሳቀብኝ። በመጨረሻ ስሙን 25ኛው መስመር ላይ ጽፌዋለሁ፣ ዓርብ መዝገቡ ይዘጋል ስለው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ።

ከዚያም «እሺ፤ የግራ መስመሩ ልጅ ታኬታ ገዛ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልገዛም ነበር። እኔም እስኪጠይቀኝ ድረስ አላሰብኩትም።